የጎማ ደሴቶች

ከፍራንኮ ወረድ ብሎ፥ በጅቡቲ መንገድ ዳር፥
ሙዘይን ጎሚስታ ጎማ ቆልሏል እንደ አጥር።
ያረጀ፥ የተላጠ፥ ሚስማር የወጋው፥
ዝናብ በጣለ ማግስት ሁሉም ባሕር አለው፤
ጭልፋ የምትቀዳው ባሕር፥
ማዕበል የማያነሣው፥ መርከብ የማያውቀው።

እኔ የጤና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነኝ፤
ጭልፋና ባትሪ፥ ነጭ ሳህንና መዝገብ አለኝ።
ከጎማ ወደ ጎማ አጎንብሼ፥
የእያንዳንዱን ሆድ ዳብሼ፥
እጭ እቆጥራለሁ፦ አሥራ አንድ፥ አርባ ሁለት፥ ባዶ፥ ሰባት፤
አለቃዬ በስልክ «ጨመረ?» ይለኛል፥ ሁሌም ከሰዓት።

ሙዘይን ይስቃል። «እህቴ፥ ትንኝ ፍለጋ ወንጂ ውረጂ፤
ሸንኮራው ውስጥ ሞልታለች፤ የእኔ ጎማ ምን አደረገሽ? ሂጂ!»
«ይቺ ሌላ ናት» እለዋለሁ፥ «እግሯ ላይ ነጭ ጥለት ያላት፥
የማታ አጎበር የማይገዳት።
ቀን ነው ሥራዋ፤
አንተ ጎማ ስትነፋ ቁርጭምጭሚትህ ነው ገበያዋ።»

ባለፈው ሐሙስ ዋሪዮ ከወደብ መጣ፤
ተሳቢው ላይ ስንዴ፥ ዓይኑ ሥር ላብ።
ከጋቢናው ሲወርድ እግሩ አልታዘዝ አለው።
«አንድ ሰው» አለ፥ «አጥንቴን በመዶሻ እየቆጠረው ነው።»
ደሙን አየንለት፦ ወባ የለም።
ደግመን አየን፦ የለም።
ያለበትን ስሙን ገና በቅጡ አላጠናነውም፤
ደንጌ ለማለት ምላሳችን ይሰናከላል፤
ሰፈሩ ግን ስም አውጥቶለታል፥ «ሰባብር» ይለዋል።

ናሙናው ሄደ። ከወር በኋላ ደብዳቤ መጣ፦
የዋሪዮ ትኩሳት ዘመድ አለው፥
ባሕር ማዶ፥ ኮኮናት በሚበቅልበት፥
ሰው በታንኳ ለቅሶ በሚደርስበት ደሴት።
ዋሪዮ ተኝቶም ሳቀ፤
«እኔ'ኮ ዋና አልችልም» አለ።

ዋና አልፈለገም፤ ሲገለበጥ፥ ሲገለበጥ ነው የመጣ።
የሙዘይን ልጅ ኢክራም ከጎማው ቀጥሎ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት፤
የኮፒ ኮፒ፥ የዚያን ኮፒ ስታነሣ
አንድ ቀን መስታወቱ ላይ ቅንጣት አቧራ አረፈ
(አዳማ መቼም አቧራ አታጣም)፤
ከ«ሰ» ራስ ላይ ተጋድሞ «ሸ» አደረገው።
«በቀበሌያችን ሰላም ሰፈነ» የሚለው
«ሰላም ሸፈነ» ሆኖ ወጣ።
ማንም አላረመው። ማኅተም ተመታበት።

ይኸኛውም እንዲሁ ነው፤
በአንዱ ደሴት አንድ ነጥብ ይጥላል፥ በሌላው ያነሣል።
አብዛኛው ስሕተት ይሞታል፥
እንደ ተበላሸ ኮፒ ተጨምድዶ ይጣላል።
አንዱ ግን፥ ሳያስበው፥ ለአዲስ ሆድ ይስማማል፤
ለአዲስ ትንኝ፥ ለአዲስ ጎማ፥
ነፋስ ለሚያፏጭባት ከተማ።

ትምህርት ቤት፥ ደሴት ማለት
ውሃ የከበበው የብስ ነው አሉን።
ለእሷ ግን ደሴት የብስ የከበበው ውሃ ነው፦
ሮቶ፥ በርሜል፥ አንገቱ የተቆረጠ ጀሪካን፥
በፈረቃ መጥቶ፥ ተመልሶ እስኪመጣ የምንሳሳለት ባልዲ።
ካርታውን የሣለላት ጥማችን ነው፤
በር በበር፥ ጓሮ በጓሮ፥
እሷ በአንድ ቀን በርራ በምትደርስበት ርቀት
ደሴት ያሰለፍንላት እኛው ነን።

ማታ ቀጨማ ቤቴ ገባሁ፤ ቦቲዬን አወለቅኩ።
ወንድሜ በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንቦ
በረንዳው ላይ ይንቀጠቀጣል።
«ጉልበቴን» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።
ባትሪዬን መልሼ አበራሁ።
የከተማውን ጎማ ሁሉ ቆጥሬ
ቤቴን ቆጥሬ አላውቅም ነበር።

ከአበባው ቆርቆሮ ሥር ባለች ሳህን፥
አራት ማንኪያ በማይሞላ ውሃ፥
ሠላሳ ስምንት ነጠላ ሰረዝ ይገላበጣል፤
ያልተቋጨ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለ ይመስል፥
ወደ ላይ ለትንፋሽ፥ ወደ ታች ለጥላ።
ደፋሁት። መሬቱ አንዴ ጠጣና ዝም አለ።

መዝገቡን ገለጥኩ።
«የቤቱ ባለቤት» በሚለው ፊት
የራሴን ስም ስጽፍ፥
እጄ ቸኮለና
አንድ ፊደል ሳትኩ።